ካልሲዬን ያላስወለቀኝ ሰው

ይህን የምጽፈው ሲራመዱ እግራቸውን ለሚያማቸው፣ ቆም ሲሉ ለሚተዋቸው ሰዎች ትምህርት እንዲሆን ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ለበቀል ነው። ወላሂ አልዋሽም። ሰው ከክፉ ሕመም ሲተርፍ ልቡ ይለሰልሳል ይላሉ፤ የእኔ አልለሰለሰም። እግሬ ድኗል፣ ንዴቴ ግን እንዳለ ነው፤ እንደውም እግሬ ከዳነ ወዲህ ንዴቴም በደንብ መራመድ ጀምሯል።

አንድ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው «እሱ የት ነው የሚሠራው?» ብሎ የሚሄድለት ሞኝ አይጠፋም። ባለ ክሊኒኩ እያልኩ እቀጥላለሁ። የሰፈሬ ሰው ነው፣ እኩያዬ ነው፣ ከሰዓት በኋላ አብረን ጫት የምንቅም፣ ባንድ ክብሪት ሁለት ሲጋራ የምንለኩስ ወዳጄ ነበር። «ነበር» የምትለዋን አስምሩባት።

እኔ ከማል እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩት ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። ሥራዬ ቡና መሰብሰብ ነበር፤ ለራሴ ሳይሆን ለአንድ የከተማ ነጋዴ። ወቅቱ ሲደርስ አንድ ቀን የቡ፣ ሌላ ቀን ሸቤ እሄዳለሁ፤ ከገበሬ ገበሬ እየዞርኩ እሸቱን አያለሁ፣ በዋጋ እከራከራለሁ፣ አስመዝናለሁ። መኪና የሚደርሰው እስከ መንገዱ ነው። ቡናው ያለው ዳገቱ ላይ፣ ከጥላ ዛፉ ስር ነው። ስለዚህ የእኔ መሣሪያ ምላስና እግር ነው። ምላሴ እንደምታዩት አልታመመም።

ጅማ ውስጥ ባጃጅ ገና ብቅ ብቅ ማለት በጀመረበት ዓመት፣ የየቡን አንድ ዳገት ስወጣ ቀኝ ባቴን የሆነ ሰው በእጁ ጨምቆ የያዘኝ መሰለኝ። ቆምኩ። ትንሽ ስቆይ ለቀቀኝ። «ደክሞኝ ነው» ብዬ ቀጠልኩ፤ ያንኑ ያህል ስሄድ እንደገና ያዘኝ። ቆምኩ፣ ለቀቀኝ። ሳምንታት ሲያልፉ የሚይዘኝ ቦታ እየቀረበ መጣ። መጀመሪያ ዳገት ላይ ብቻ ነበር፤ በኋላ ሜዳውም ላይ ሆነ።

ታዲያ ሰው መንገድ መሃል ዝም ብሎ ይቆማል? ያሳፍራል። ቡና ሰብሳቢ እግሩ ደከመ ከተባለ ደግሞ ሥራው አለቀ። መላ ዘየድኩ፤ ሰላምታ! እኛ አገር ሰላምታ በቶሎ አያልቅም፤ ይህን የጅማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባቴን ሲይዘኝ አጠገቤ ያገኘሁትን ሰው እጁን ጭብጥ አደርጋለሁ። «አካም ጅርታ? ነጋዳ? ፈያዳ? ልጆቹስ? ከብቶቹስ? አማትህ ተሻላቸው? ዝናቡ እናንተ ጋ እንዴት ነው?» እስኪለቀኝ ድረስ እጠይቃለሁ። ሕመሙ ሲለቀኝ እኔም እጁን እለቃለሁ። ገበሬዎቹ «ከማል ዘንድሮ ሰው ወዳድ ሆነ» አሉ። አንድ የሸቤ ሽማግሌማ ሰላምተኛ ሰው ነህ ብለው ቆመው መረቁኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሚን አልኩ።

ጣጣው የመጣው ሰፈሬ ውስጥ ነው። ከቤቴ ወደ አስፋልቱ የሚወስደው መንገድ ትንሽ ዳገት አለው። ባቴን የሚይዘኝ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ወይዘሮ አስካለ በር ላይ። ወይዘሮ አስካለ ከግብርና ቢሮ በጊዜ ጡረታ የወጡ፣ ባል የሌላቸው፣ ደርባባ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደጃቸውን ያስጠርጋሉ። ምን ላድርግ? ሰላም እላለኋ! «እንዴት አደሩ እትዬ አስካለ? ጤናዎ እንዴት ነው? አዲስ አበባ ያለው ልጅዎ ደወለ? ውሃ መጣልዎ?» እሳቸውም ጨዋ ናቸው፣ ሁሉንም ይመልሳሉ። ይህ በየቀኑ ነው።

ባለቤቴ ዘሃራ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ ሳቋን ተወችው።

«ዛሬም ቆመሃል አሉ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሳህኑን ፊቴ ዘጭ አድርጋ።

«የት?»

«የት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ሰፈሩም ያውቃል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እግሬን አሞኝ ነው!»

«እግርህ ለምን ሌላ ሰው በር ላይ አያምህም?»

እኔስ ለምን እዚያ ብቻ እንደሚያመኝ መች አወቅኩና! ምለህ ንገረኝ አለችኝ፤ ማልኩላት። አላመነችኝም፤ አልፈርድባትም።

ያኔ ነው ወደ ባለ ክሊኒኩ የሄድኩት። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም፤ በደርግ ጊዜ ጦሩ ውስጥ ቁስል ያጥብ የነበረ ድሬሰር ነው። መንግሥት ሲለወጥ ወደ ከተማ ገባና በሌላ ሰው ፈቃድ ክሊኒክ ከፈተ። ቁስል ማሰር ይችላል፣ አልክድም። አላወቀም ብዬ አይደለም የምከሰው፤ ሰው ሁሉን አያውቅም። ሳያይ እንዳየ ሰው በመናገሩ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የደም ግፊት መለኪያ አለ። ያንን ዕቃ ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ። ክንዴን አሰረ፣ ነፋ፣ አዳመጠ፣ «ግፊትህ የጎረምሳ ነው» አለኝ። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ተገኘብኝ። ጅማ ውስጥ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ያልተገኘበት ሰው እስካሁን አላየሁም። ኪኒኑን ጨረስኩ፣ ባቴ እዚያው ነው። ተመልሼ ስሄድ ሪህ ሆነ፤ ሥጋ ተከለከልኩ፣ ባቴ እዚያው ነው። ደግሜ ስሄድ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ «ከማሌ፣ ይሄ ነርቭ ነው» አለኝ።

ነርቭ! እኛ ዘንድ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ነርቭ ነው። የቪታሚን መርፌ ጀመረልኝ። ቂጤ ወንፊት እስኪሆን ተወጋሁ። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ያዛል፤ ከዚያ ተያይዘን ወደ በርጫችን እንሄዳለን፣ ሲጋራውን ከሲጋራዬ ይለኩሳል። አንድም ቀን «ከማል፣ ጫማህን አውልቅ፣ ካልሲህን አውልቅ፣ እስቲ እግርህን ልየው» አላለኝም። እግሬን አሞኝ የሄድኩበት ሰው እግሬን አላየውም!

ደግሞ ነግሬው ነበር እኮ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ለሶላት ውዱእ ሳደርግ በቀን አምስት ጊዜ እግሬን አጥባለሁ። የገዛ እጄ የገዛ እግሬን ያውቀዋል። ግራዬ ሞቅ ያለ ነው፣ ቀኙ በረዶ። ቅልጥሜ ላይ የነበረው ፀጉር ግራው ላይ አለ፣ ቀኙ ላይ ረግፏል። ይህንን አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት።

«ጅማ ነዋ!» አለኝ ጫቱን እየቀነጠሰ። «በክረምት እግሩ የማይቀዘቅዘው ማን አለ?»

«አንዱ ብቻ?»

«ከማሌ፣ ማሎ! ሐኪሙ አንተ ነህ ወይስ እኔ? በሙቅ ውሃና በጨው ዘፍዝፈው፣ ነርቩ ይፍታታል።»

ዘፈዘፍኩት። ለካስ ደም በወጉ የማይደርሰው እግር ሙቀት አይችልም። ውሃው እንደሚፋጅ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም። ትንሿ ጣቴ ውሃ ቋጠረች፣ ፈነዳች፣ ቆሰለች፤ ቁስሏም አልድን አለ። ጫፏ መጥቆር ጀመረ። ጋደም ስል ደግሞ ሕመሙ ይብስብኛል፤ እግሬን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ሳንጠለጥለው ትንሽ ይተወኛል። እንደዚያ ተቀምጬ፣ እግሬ ሊሞት ነው እያልኩ የሱብሂ አዛን ይደርሳል። ዘሃራ አኩርፋኛለች፤ ያም ሆኖ እየተነሳች ከጀርባዬ ትራስ ታደርግልኛለች። ተመልሳ ትተኛለች።

ጣቴን ይዤ ስሄድ ባለ ክሊኒኩ እግሬን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። በሩ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን ይዞ። «ስኳር ነው» አለኝ፤ ስኳሬን ሳይለካ! «ይሄ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ከዘገየህ ወደ ላይ ይወጣብሃል።» የጓሮ ዛፍ የሚገርዝ ነው የሚመስለው። እኔ ዳገት ወጥቼ የምኖር ሰው! እግሬ ከሌለ የቡ የለም፣ ሸቤ የለም፣ እኔም የለሁም። ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ለእኔ መናገሩስ ይሁን። በዚያው ቀን በርጫ ላይ ለወዳጆቻችን በሙሉ አወራው። በማግስቱ ሰው ሊጠይቀኝ ሳይሆን ሊያስተዛዝነኝ መጣ። አንደኛው ጭራሽ የሟች አባቱን ክራንች ተሸክሞ ከተፍ አለ! ከእንጨት የተሠሩ፣ ብብታቸው ላይ ጨርቅ የተጠቀለለባቸው ሁለት ክራንቾች። «ይጠቅሙሃል ብዬ ነው» አለኝ፤ ክፉ ልብ የለውም ምስኪን። እግሬ በቦታው እያለ ክራንቼ ቀድሞ ቤቴ ገባ። ነጋዴውም ወሬውን ሰምቶ ቦታዬን ለሌላ ሰጠ። ለማን? ለባለ ክሊኒኩ ሚስት ወንድም። ሆን ብሎ አደረገው አልልም፤ እሱን አላህ ያውቃል። እኔም የማስበውን አስባለሁ።

ክራንቾቹን ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸውና ማልኩ። እነዚህን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ፣ በሁለት እግሬ ሄጄ፣ ጠረጴዛው ላይ ካልወረወርኩለት የአባቴ ልጅ አይደለሁም አልኩ።

ዘሃራ ሰማችኝ። «መጀመሪያ እግሩ ይኑርህ» አለችና ሻርፗን ጠቅልላ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች።

የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ያልቀመሰ ሰው መጠበቅን አያውቀውም። ካርድ ለማውጣት ትጠብቃለህ፣ ካርዱ እስኪገኝ ትጠብቃለህ፣ ስምህ ሲጠራ ሽንት ቤት ሄደህ ከሆነ እንደገና ትጠብቃለህ። አግዳሚው ሞልቶ እግሬን አንጠልጥዬ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ እያዩ እያዩ ቆዩና፦ «አንተ ያ ሰላምተኛው ቡና ገዢ አይደለህም?» አሉኝ። ያ የመረቁኝ የሸቤ ሰውዬ! ቆመው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው የታመመ እግሬ ስር አደረጉልኝ። ከዚያ ተራቸውን እጄን ይዘው «ኢጆሌን ፈያዳ? ቤት ደህና ነው?» እያሉ ጠየቁኝ፤ የእሳቸው ግን ከልብ ነበር።

የገባንባት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ልጄ ብትሆን የመጨረሻዋ ነው የምትሆነው። ወረቀቴን አላነበበችም፣ ምን አሉህ ብላም አልጠየቀችም። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ጫማና ካልሲዎን ያውልቁ። የሁለቱንም እግር።»

ያ ረቢ! ይህን ለመስማት ስንት መርፌ ተወጋሁ። አወለቅኩ። ጣቶቿን የእግሬ ጀርባ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቴ ኋላ፣ ከዚያ ከጉልበቴ በስተጀርባ፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ። ቀኙ ላይ ብዙ ቆየች።

«ሲራመዱ ነው የሚይዝዎት? ሲቆሙስ?»

«ይተወኛል።»

«ምን ያህል ሄደው?»

እንዴት ብዬ ልለካላት? «እስከ እትዬ አስካለ በር» አልኳት። ዘሃራ ከኋላዬ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሁልጊዜ እዚያው ላይ?»

«ሁልጊዜ!» አለች ዘሃራ ቀድማኝ። «አንድ ቀን እንኳ አልፏት አያውቅም።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ሁልጊዜ እዚያው ላይ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ጡንቻ ሲሠራ ብዙ ደም ይፈልጋል። ወደ እግር የሚወርደው የደም ስር ከጠበበ የሚደርሰው ደም ለተወሰነ መንገድ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ያማል። ሲቆሙ ይደርስለታል፣ ይተዋል።»

«እና ሴትዮዋ አይደለችም?» አለች ዘሃራ።

«የደም ስሩ ነው እናቴ።»

ዘሃራ አፏን በሻርፗ ያዘች። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። ብቻ እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ!

ሐኪሟ ሳይበሱ፣ ሳይቀዱ፣ ሳያሳምሙ የሚደረግ ምርመራ አለ አለችን። የደምን ድምፅ የሚያሰማ፣ ብዕር የመሰለች መሣሪያ ትፈልጋለች። ያቺ መሣሪያ ግን ያለችው ማዋለጃ ክፍል ነው፤ እዚያ የጽንስ ልብ ያዳምጡባታል። ሄዳ ለመነች። የክፍሉ ነርስ «ዕቃው ከዚህ አይወጣም፤ የወጣ ዕቃ ተመልሶ አያውቅም» አሉ። ሴትዮዋ ልክ ናቸው። መሣሪያዋ ካልመጣች እኔ ሄድኩ።

እንግዲህ አስቡት። ጢሜ የሸበተ ሰውዬ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ በእርጉዞች መሃል አልጋ ላይ ተጋድሜ። አንዷ አላስቻላትም፦ «አባባ፣ ስንት ወርዎ ነው?» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ዘጠነኛው ውስጥ ገባሁ መሰለኝ» አልኩ። እኔም ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

ሐኪሟ ትንሽ ካሳረፈችኝ በኋላ በግፊት መለኪያ ሁለቱንም ክንዴን ለካች። ከዚያ ያንኑ ጨርቅ አምጥታ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አሰረችው። ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና ብዕሯን መጀመሪያ ግራ እግሬ ላይ አሳረፈች። ሹፍ! ሹፍ! ሹፍ! የእግሬን ልብ ሰማሁት። ወደ ቀኙ አዞረችው። ምንም የለም። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ፣ ጣቢያው እንደጠፋበት ራዲዮ። ብዕሯን ትንሽ ገፋ አደረገቻት፤ ምንም። ሳቁ ሁሉ ቆመ። ዘሃራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ እያደረገች ነው። እኔ ክራንቾቹ ታዩኝ፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ሲጠብቁኝ።

ከዚያ ከሩቅ መጣ። ሹ... ሹ... ደካማ ነው፣ ግን አለ።

«ይኸው!» አለች ሐኪሟ። እነዚያ ሴቶች፣ አላህ በሰላም ይገላግላቸውና፣ እልልታውን አቀለጡት። ለእግሬ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ቀን የለም።

ድምፁ እስኪጠፋ ጨርቁን ነፋችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ አስተነፈሰችው፤ ድምፁ ሲመለስ ቁጥሩን ያዘች። የቁርጭምጭሚት ግፊት ከክንድ ግፊት ጋር እኩል ወይም በለጥ ያለ መሆን አለበት ብላ አስረዳችኝ። ግራዬ ደህና ነው። ቀኜ ግን የክንዴን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። «ጠቧል እንጂ ጨርሶ አልተዘጋም» አለችኝ። «እግርዎ አሁን የሚቆረጥበት ምክንያት የለም። ቁስሉን እንከታተላለን። ላብራቶሪ የላክነው የስኳር ምርመራዎም ደህና ነው። ሲጋራ ግን ያጨሳሉ፤ ጣትዎ ይናገራል። ሲጋራና ይህ እግር አብረው አይኖሩም፤ አንዱን ይምረጡ።»

እኔ ግን ዓይኔ ጨርቁ ላይ ነበር። «ይሄ የግፊት መለኪያ...» አልኩ፣ «ልዩ ነው?»

«ያው ነው፤ የትም ክሊኒክ ያለው።»

«መሣሪያዋ ባትኖርስ?»

«ካልሲ አስወልቆ በጣት መዳሰስ ራሱ ያስጠረጥራል፤ አንዱ እግር ቀዝቅዞ ትርታ ካጣ ወደ እኛ ይልካሉ።»

አያችሁ? ጠረጴዛው ላይ የነበረው ዕቃ ያው ነው! ጣት ደግሞ አስር አለው። ያንን ጨርቅ ከክንዴ ወደ እግሬ ለማውረድ ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር የሚፈለገው። ጎንበስ አላለልኝም። በዚያች ቀን ከደስታዬ እኩል እንዴት እንደነደድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲጋራውን ጣልኩ። በአፍ እንደሚወራው ቀላል አይደለም፤ ዘሃራን በማይረባ ነገር ስጮህባት ከረምኩ፣ በርጫውንም ከነጭሱ ተውኩት። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ አስፕሪንና የደም ስብ የሚቀንስ ኪኒን በየቀኑ እውጣለሁ። ቁስሉ ሆስፒታል እየታጠበ፣ እየታሸገ ስንት ወር ፈጀ። የትንሿ ጣቴ ጫፍ በራሷ ጊዜ ደርቃ ወደቀች፤ የከፈልኩት እሷን ብቻ ነው። ቁስሉ ሲድን ዋናው መድኃኒት መራመድ ሆነ። እስኪያመኝ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ ሲተወኝ እንደገና እሄዳለሁ። ጠባቡን መንገድ ትቶ ደሙ ሌላ ቀጫጭን መንገድ ያበጃል ብላኛለች ሐኪሟ። ዘሃራ አብራኝ ትወጣለች። ወይዘሮ አስካለ በር ስንደርስ ትቆምና «እንዴት አደሩ እትዬ?» ትላለች ራሷ፤ ሁለቱ ሲያወሩ እኔ ባቴን አሳርፋለሁ። አንድ ጠዋት ሳላውቀው በሩን አልፌው ሄድኩ። ከኋላዬ «አቶ ከማል! ዛሬማ ሳይቆሙ አለፉ እኮ!» ሲሉ ሰማሁ። ዘሃራና እሳቸው ተቃቅፈው ይስቃሉ።

አስፋልቱ ድረስ ሳልቆም መሄድ የቻልኩ ቀን ክራንቾቹን ከግድግዳው አወረድኩ።

ትከሻዬ ላይ አጋድሜያቸው፣ ጫማዬን ወልውዬ፣ አዲስ ካልሲ አድርጌ ወጣሁ። የምናገረውን በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ እጥላቸዋለሁ፣ በሽተኛው ሁሉ ፊት ካልሲዬን አወልቃለሁ፣ «ይኸውልህ፣ ቆርጠህ የቀበርከው እግር!» እለዋለሁ። ስሄድ ደሜ ይፈላል፤ እግሬ ግን አላመመኝም።

ክሊኒኩ ሳልደርስ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ራሱ ብቅ አለ። ይሸሸኛል ስል በሁለት እጁ እጄን አፈፍ አደረገው።

«ከማሌ! አካም ጅርታ? ነጋዳ? ፈያዳ? ዘሃራስ? ልጆችስ? እህትህስ ደህና ናት? ሥራስ እንዴት ነው?»

እጄን ላስለቅቅ ስል ጠበቅ አደረገው። «ዝናቡስ እናንተ ጋ እንዴት ነው?» አለኝ።

ዝናቡ? ሰውዬው ጎረቤቴ ነው! ያው ዝናብ ነው እኩል የሚዘንብብን። ያኔ ወደ ታች አየሁ። አካሉን በሙሉ በግራ እግሩ ላይ ጥሏል። የቀኝ እግሩ ተረከዝ ከመሬት ተነስቷል። ፊቱ ላይ ላብ አለ። ቆይቶ ተነፈሰና እጄን ለቀቀው።

እኔን ነው የሚያታልለው? በገዛ ዘዴዬ!

«እነዚህ ለማን ናቸው?» አለኝ ክራንቾቹን አይቶ።

«ላንተ ነው ያመጣኋቸው።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ባትህን ነው?» አልኩት። ሳቁ ቆመ።

«እንዴት አወቅህ? ስሄድ ጭምቅ አድርጎ ይይዘኛል፣ ስቆም ይተወኛል። አንተ ደግሞ ትልልቅ ሐኪም አይተሃል፤ ምን ይመስልሃል ከማሌ?»

ጫማውን አየሁት። ካልሲው ግራጫ ነው። ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የት መሄድ እንዳለበትም አውቃለሁ፤ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው።

«ነርቭ ነው» አልኩት። «መርፌ ተወጋ።»

ክራንቾቹን ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩለትና ዞሬ ሄድኩ። ጣፈጠኝ! ለምን እዋሻለሁ፣ እስከ ቤቴ ድረስ ጣፈጠኝ።

ለዘሃራ ስነግራት ግን የያዘችውን አስቀመጠች። «አስተግፊሩላህ! አላህን አትፈራም? ሂድ፣ አሁኑኑ ንገረው።»

«አልነግረውም።»

«እሱ እግርህን ሳያይ ነው የበደለህ። አንተ እኮ አየኸው!»

«አፌን ለሱ አልከፍትም አልኩሽ፣ ምያለሁ!» ይኸው እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። ኩርፊያዋን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ አፌን አልከፈትኩም፤ ጻፍኩት። ሲራመድ ባቱን የሚይዘው፣ ሲቆም የሚተወው ሁሉ ያንብበው። አንዱ እግሩ ከሌላው የሚቀዘቅዝ፣ ቁስሉ አልድን ያለው ሁሉ ያንብበው። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብበው። እግራችሁን ሳያይ ስለ እግራችሁ የሚናገረውን ሰው አትስሙት። እሱም እንደሚያነበው አውቃለሁ፤ ሰፈሩ እጁ ላይ ያደርስለታል፤ ማንን እንደማወራም ገና ከላይ ጀምሮ ገብቶታል።

ገብቶሃል አይደል? ይቅር አላልኩህም። ቂሜ እንዳለ ነው፤ ስንገናኝም ሰላም አልልህም። መርፌውን ተወው፣ በሙቅ ውሃ አትዘፍዝፈው፣ ሲጋራውን ጣል። ትልቁ ሆስፒታል ሂድ፤ ማዋለጃ ክፍል ቢያስተኙህ አትፈር፣ ሴቶቹ ደጎች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን፣ ይህን ይዘህ ከተቀመጥክበት ሳትነሳ፣ ካልሲህን አውልቅ።